ቡና አፍሊዎችና ተቀማጮች

ቱይያ «አይከፋም» አለች።

ነገሩ ሁሉ የተጀመረው በዚህች ቃል ነው። ሌላ አገር ብትሆን ቃሏ ሰው የሚቀናባት ዓይነት አይደለችም፤ ጎረቤት ለጎረቤት በአጥር ላይ የሚወረውራት ተራ ቃል ናት። በእኛ ከተማ በቫርካውስ ግን ከ«አይከፋም» በላይ ምስጋና የለም። ከዚያ አልፎ የሚያወድስ ሰው ወይ ጠጥቷል ወይ የሚሸጠው ዕቃ አለው። ኢልፖ ራሳነን ቱይያን ካገባ ወዲህ ይህችን ቃል ከአፏ የሰማት ሁለት ጊዜ ብቻ ነው፦ አንዴ ልጃቸው ተወልዳ አዋላጇ ስታሳቅፋት፣ አንዴ ደግሞ የሐይቅ ዳሯን ጎጆ ጣሪያ ራሱ ከድኖ ሲጨርስ። ጣሪያው በኋላ አፈሰሰ። ቃሏ ግን እንደጸናች ቀረች።

እና አሁን የሐይቁ በረዶ መሰነጣጠቅ በጀመረበት ሰሞን ሦስተኛዋን ሰማ። ከሥራ ገብቶ አንዱን ጫማ አውልቆ ሌላውን ሊያወልቅ ጎንበስ እንዳለ ነው። ቱይያ ምድጃው አጠገብ ቆማለች። ጆሮዋ ላይ ማዳመጫ ደፍታለች፣ በእጇ ጭልፋ ይዛለች፣ ዓይኗን ጨፍናለች።

«አይከፋም» አለች፣ ለማንም ሳይሆን ለራሷ።

«ምኑ?» አለ ኢልፖ።

አልሰማችውም። ኢልፖ በአንድ ጫማ እያነከሰ ሄዶ ጠረጴዛው ላይ ያለውን ስልኳን አየ። የራውኖ አልበም ነበር። ሦስተኛው ዘፈን። ያውም ያ ቦታ።

 ሁለተኛውን ጫማ ሳያወልቅ እራት በላ።

ራውኖ ማን ነው ቢባል፣ የኢልፖ ጓደኛ ነው። ጓደኛ የምትለው ቃል ራሷ ታንሳለች። አብረው ተማሩ፣ አብረው ወታደር ቤት ገቡ፣ አብረው በራውኖ አባት የድንች ጎተራ ውስጥ ሄቪ ሜታል የሚባለውን ጩኸታም ሙዚቃ ያንጫርሩ ነበር። ራውኖ ጊታር፣ ኢልፖ ቤዝ ጊታር፣ ከበሮውን ደግሞ አንድ የአጎት ልጅ። በክረምት ከጎተራው ድንች ጋር ብርድ ስለሚጋሩ ጓንታቸውን ጣት ጣቱን ቆርጠው ነበር የሚጫወቱት። ኋላ ኢልፖ አገባ፣ አውቶቡስ መንዳት ጀመረ፣ ቤዙን በጀልባ ሞተር ለወጠው። ሞተሩ ዛሬም ይሠራል፤ እሱም ይህን አጥብቆ ይናገራል፣ ማንም ባይጠይቀውም። ራውኖ ደግሞ የጭስ ማውጫ ጠራጊ ሆነ፤ ጊታሩን ግን አልለቀቀም። ቀን ጥላሸት ይጠርጋል፣ ማታ ይጫወታል። ተጫዋቾቹ ይመጣሉ፣ ይሄዳሉ፣ ያገባሉ፣ ይፋታሉ፤ እሱ እዚያው ነው። ከዚያ ሽበት ራሱን ሙሉ ከሸፈነው በኋላ፣ ሰው ሁሉ ትቶታል ባለበት ጊዜ፣ አልበም አወጣ።

«ከበረዶው ሥር ያለ ወፍጮ» ይባላል። አምስት ዘፈን ብቻ ነው ያለው፤ ግን አንዱን ሰምተህ እስክትጨርስ ድንች ይበስላል። ምቱ አንዴ በሰባት ይሄዳል፣ አንዴ በአምስት፣ አንዴ ጭራሽ መንገድ እንደጠፋበት ሰው ይቆምና ዞር ብሎ ያያል። አንድ ወፍጮ ጠባቂ በበረዶ ላይ ሐይቁን ተሻግሮ ወደ ቤቱ መሄዱን የሚተርክ ታሪክ አለው ይላሉ፤ ዘፋኙ እንደ ድብ ስለሚያጉረመርም ታሪኩን ያገኙት ከአልበሙ ጋር ካለው ወረቀት ላይ አንብበው ነው። ሦስተኛው ዘፈን መሐል ላይ ሁሉም ነገር ጸጥ ይላል። ጊታሩም ይተዋል፣ ድቡም ይተኛል። ቤዝ ጊታሩ ብቻውን ዱም፣ ዱም፣ ዱም እያለ በቀስታ ይራመዳል፤ ሰውየው በበረዶው ላይ መሻገሩ ነው። ረዥም ነው። በጣም ረዥም ነው። የከተማው ሰው ይህን ቦታ «መሻገሪያው» ብሎ ሰየመው።

አልበሙ በወጣ በሳምንቱ ቫርካውስ ለሁለት ተከፈለች። የከተማችን ስም በቋንቋችን «ስርቆት» ማለት ስለሆነ ድሮም ለቀልድና ለጠብ አናንስም፤ እንዲህ ግን ተጣልተን አናውቅም። በመዋኛው፣ በሥጋ ቤቱ፣ በቄሱ ቢሮ ሳይቀር ወሬው እሱ ነው። ጥላሸት ሲጠርግላቸው የኖረው ሰው እንዲህ ያለ ነገር ማውጣቱ አንዳንዱን አኮራ፣ አንዳንዱን አበሳጨ። ከፊሉ «መሻገሪያው ባይኖር አልበሙ ያስደስት ነበር» አለ። ከፊሉ «አልበሙ መሻገሪያው ነው፤ ሌላው አጥሩ ነው» አለ።

ለመጀመሪያዎቹ ስም ያወጣላቸው ኢልፖ ነው።

እንዲህ ሆነ። አልበሙ በሚወጣበት ዋዜማ ራውኖ ከሁሉ በፊት ለኢልፖ ሊያሰማው ጠራው። በራውኖ የእንፋሎት መታጠቢያ፣ በሳውናው በረንዳ ላይ ተቀመጡ፣ ራውኖ ድምፅ ማጉያውን ደረጃው ላይ አኖረው። የመጀመሪያው ዘፈን አለቀ። ሁለተኛውም አለቀ። ጥሩ ነበር። ያ ነው የሚያናድደው፤ መጥፎ ቢሆን ኖሮ እንዴት ደስ ባለው፣ እንዴትስ ራውኖን አቅፎ ባጽናናው። በሦስተኛው መሐል ጸጥ ሲል፣ ያ ቤዝ ዱም ማለት ሲጀምር፣ ኢልፖ ሌላ ሰው በእሱ ወንበር ላይ ተቀምጦ በእሱ ሳህን ሲበላ ያየ መሰለው። ከዚያ በላይ አልቻለም።

«ቡና ላፍላ» ብሎ ተነሣ።

ራውኖ ቀና ብሎ አየው። ኢልፖ ያን አስተያየት አልወደደውም። ወደ ውስጥ ገባ፣ ማሰሮውን ጣደ፣ ውኃው እስኪንተከተክ ዘፈኑ እንዳይሰማው ቧንቧውን ከፍቶ ቆመ፤ ሲመለስ አራተኛው ዘፈን ጀምሯል። ራውኖ ስኒውን ተቀበለው። ምንም አልጠየቀም።  እንደ ወጉ።

በማግስቱ አውቶቡሱ ውስጥ ኢርመሊ ከሹፌሩ ጀርባ ያለው ቦታዋ ላይ ተቀመጠች። ኢርመሊ ጡረታ የወጣች የፖስታ አመላላሽ ናት፣ ባለ ጥቁር ቆዳ ጃኬት፤ ጃኬቱ ከልጅነቷ ጀምሮ በጣፈቻቸው የባንድ ምልክቶች ተሸፍኖ ቆዳው አይታይም። ስለ ሄቪ ሜታል በከተማው የሚፈራ አስተያየት ያላት እሷ ነች።

«ሰማኸው አሉ» አለችው።

«ሰማሁት።»

«እና?»

ኢልፖ መሪውን ጠመዘዘ። «እትዬ ኢርመሊ፣ ሦስተኛው ዘፈን ላይ ጸጥ የሚልበት ቦታ አለ። እዚያ ሲደርስ ተነሥተው ቡና ያፍላሉ። ቡናው ፈልቶ፣ ቀድተው፣ ጠጥተው፣ ስኒውን አጥበው ሲመለሱ አሁንም እዚያው ነው።»

ኢርመሊ እንደ አሮጌ በር ሳቀች። የኋላ ወንበሮቹም ሳቁ። አውቶቡሱ ወረቀት ፋብሪካው ጋ ሲደርስ ቀልዱ ከአውቶቡሱ ወርዶ በእግሩ ሄደ። ከሰዓት በኋላ ሥጋ ቤቱ ውስጥ ለራሱ ለኢልፖ ተነገረው፣ እንደ አዲስ። በሳምንቱ መጨረሻ መሻገሪያውን የማይወዱት ሁሉ «ቡና አፍሊዎች» ሆኑ፤ የሚወዱት ደግሞ «ተቀማጮች»። ሰው ሲገናኝ «አንተ አፍሊ ነህ ወይስ ተቀማጭ?» ይባባል ጀመር።

ኢልፖ ተደሰተ። ከልቡ ተደሰተ። ጭራሽ በየፌርማታው ወሬውን ያራግብ ጀመር።

«እኔ ተቀማጭ ነኝ» አለች አንዴ አንዲት የፋርማሲ ሠራተኛ፣ የጉዞ ካርዷን መሣሪያው ላይ እያስነካች።

«እግራችሁን አሟችሁ ነው እንጂ» አለ ኢልፖ።

«እዚያ ቦታ ላይ አለቀስኩ እኮ።»

«ቡና ያስለቅሳል፤ ሲያጡት።»

ኢርመሊ ከኋላ ገባችበት፦ «ልጄ፣ አንቺ ገና ነሽ። ሄቪ ሜታል አንገት ነው። ይሄ ሒሳብ ነው። በሰባት እየቆጠርኩ ራሴን ብነቀንቅ አንገቴ ተጣሞ ሁለት ቀን ወደ ጎን እያየሁ ዋልኩ።»

ይህ ሁሉ የሆነው ቱይያ «አይከፋም» ከማለቷ በፊት ነው። ከዚያ በኋላ ግን የኢልፖ ቅናት ቀልድ መሆኑን ተወ። ሲነዳ ያስባል፣ ሲተኛ ያስባል። ለምን ለራውኖ? እኔ የከደንኩት ጣሪያ አለ፣ የወለድናት ልጅ አለች፣ እሱ ደግሞ አንድ ረዥም ዘፈን ይዞ መጥቶ ከእነሱ እኩል ይቆማል? ድሮ፣ ገና ኢልፖ ቱይያን ሳያውቃት፣ በበጋው በዓል እሳት በሚነድበት ምሽት ራውኖ አንድ ጊዜ አብሯት እንደ ደነሰ ትዝ አለው። ለዓመታት ያላሰበውን ያንን ዳንስ አሁን እግር በእግር ያስታውሰው ጀመር፤ እሱ እኮ እዚያ አልነበረም።

ቅዳሜ ሲደርስ ሳውና አልሄደም። «ወገቤን» አለ። ከወታደር ቤት ወዲህ ኢልፖና ራውኖ ቅዳሜ ሳውና አንድ ላይ ያልገቡበት ጊዜ በጣት ይቆጠራል። ራውኖ ለምን ብሎ አልደወለም። እሑድ ጠዋት ግን ኢልፖ በሩን ሲከፍት ደረጃው ላይ በወረቀት የተጠቀለለ፣ ከሳውና በኋላ ከራውኖ ጋር የሚበሉት ዓይነት የተጠበሰ ቋሊማ አገኘ። በብርዱ ደርቋል። ኢልፖ ቆሞ አየው። ከዚያ በላው፣ በንዴት።

በሚቀጥለው ቅዳሜም ወገቡ አመመው።

በዚህ መሐል የቤተ መጻሕፍቷ ሳኔልማ ማስታወቂያ ለጠፈች፦ ዓርብ ከሥራ በኋላ አልበሙ ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ ይሰማል፣ ከዚያ ሰው ሐሳቡን ይሰጣል፣ ራውኖም ይገኛል። ሳኔልማ የሙዚቃ ክፍሉ ኃላፊ ናት፤ ሰው ሲጣላ ቢያንስ ተቀምጦ ይጣላ የምትል ሴት ናት።

ኢርመሊ ማስታወቂያውን ካየች በኋላ ወደ ኢልፖ ጎንበስ ብላ፣ «አለቃ፣ ምን እናድርግ?» አለችው።

አለቃ። ኢልፖን ሰው አለቃ ብሎት አያውቅም። ቃሉ ሞቀው።

«ሁሉም ቴርሞሱን ይዞ ይምጣ» አለ። «መሻገሪያው ሲጀምር እኔ መጀመሪያ ክዳኔን እከፍታለሁ። ከዚያ ሁላችንም ብድግ ብለን እንቀዳለን። ምንም አንናገርም። ቡናችንን ብቻ እንጠጣለን።»

«ራውኖ ፊት?»

«ራውኖ ፊት።»

ኢርመሊ የጃኬቷን ዚፕ ሳበች። «ጓደኛህ አይደል እንዴ?»

«ጓደኛዬ ስለሆነ ነው እውነቱን የምነግረው» አለ ኢልፖ፣ ፍሬኑን ረግጦ።

ዓርብ ዕለት ከሰዓት እረፍት ነበረው። ጠዋት ከጀልባው ያወጣቸውን ትንንሽ አሣዎች ማጠቢያው ላይ ደርድሮ ቅርፊታቸውን ይፍቅ ጀመር። ሰውየው አሣ ሲፍቅ ያዜማል፤ ቱይያ ብትነግረውም አያምንም፣ ግን ያዜማል። ቴርሞሱ ታጥቦ፣ ተገልብጦ ጎኑ ቆሟል። ቱይያ ከምትሠራበት ከትምህርት ቤቱ ወጥ ቤት መጥታ ካፖርቷን ሰቀለች፤ ቆም ብላ አዳመጠችው። ከዚያ መሳቅ ጀመረች።

«ምን ያስቅሻል?»

«አንተ። ከተማውን ሁሉ ቡና ስታስፈላ ከርመህ እዚህ መጥተህ እሱኑ ታዜማለህ።»

«ምኑን?»

«መሻገሪያውን ነዋ።»

«እኔ? ይሄ የእኔ ነው» አለ ኢልፖ፣ ቢላዋውን አንሥቶ። «ይሄ አሣ ስፍቅ የማዜመው ነው።»

«እሱን እኮ ነው የምልህ። ዘፈኑን የሰማሁ ቀን ወዲያው አወቅሁት። ከተጋባን ጀምሮ ማጠቢያው ላይ የምትለው ነው። እንዴ፣ ራውኖ ሳይነግርህ ቀርቶ ነው?»

ኢልፖ እጁን አልታጠበም። በአሣ ቅርፊት የተለበጠ እጁን እንደ ያዘ ወንበር ላይ ተቀመጠ፣ ቱይያ ማዳመጫውን ጆሮው ላይ ደፋችለት። እንግዲህ የሚገርመው ይህ ነው፦ የቡና አፍሊዎች አለቃ መሻገሪያውን ከዳር እስከ ዳር ሰምቶት አያውቅም። ሁሌ ያ ቦታ ሲደርስ ይነሣል ወይም ይዘጋዋል። አሁን ሰማው። ዱም፣ ዱም፣ ዱም፤ ከዚያ ሁለት ፈጣን እርምጃ፣ እንደ መንሸራተት፤ ከዚያ መቆም።

የድንች ጎተራው መጣበት። ራውኖ ጊታሩን ሲቃኝ ጊዜ አይገድበውም ነበር፤ ብርዱ ክሩን ከቅኝት ያወጣዋል፣ እሱ ደግሞ እስኪጠራለት አይተውም። ኢልፖ እየጠበቀ ጣቱ እንዳይደርቅ ዝም ብሎ የሚጫወታት ነገር ነበረች። ዘፈን አልነበረችም። ስምም የላትም። መጠበቂያ ነበረች።

ሌባ። መጀመሪያ የመጣለት ቃል ይህ ነው። የቫርካውስ ሰው፣ ስምህን ያወጣው ያውቅብሃል። ተነሥቶ ሊወጣ፣ ሄዶ አንገቱን ሊይዘው ፈለገ። ከዚያ ግን ሌላ ነገር ያዘው። አልበሙ ላይ ቤዙን የሚጫወተው ገና ጢሙ ያልጠነከረ ጎረምሳ ነው፤ ያችን መጠበቂያ ኢልፖ በሕይወቱ አጣርቶ ተጫውቷት በማያውቀው ሁኔታ ይጫወታታል። በእሱ ቀና። ከዚያ የፋርማሲዋን ሴት ያስለቀሰው፣ ቄሱን ያሟገተው፣ ቱይያን ዓይን ያስጨፈነው ማን ነው ብሎ ሲያስብ፣ ያ በጎተራው ውስጥ ጓንቱን የቆረጠ ልጅ ነው። በእሱም ቀና። በገዛ ራሱ። ሰው በራሱ ሲቀና በማን ላይ ይወጣዋል? ከተማውን ያስተማረው ደግሞ የራሱን ነገር ሲሰማ ተነሥቶ እንዲሄድ ነው። የራሷ እያረረባት የሰው ታማስላለች ይባላል፤ ኢልፖ የሰው መስሎት የራሱን ነበር የሚያማስለው።

«ልትቀር ነው?» አለች ቱይያ።

«ሰዎቹ ቴርሞስ ይዘው ይመጣሉ» አለ።

«እና?»

 ቴርሞሱን ሞላው፣ ከልማድ።

ቤተ መጻሕፍቱ ሞልቷል። ሳኔልማ ወንበሮቹን በመሐል መተላለፊያ ለሁለት ከፍላቸዋለች፤ ሳታስበው ይሁን አስባ አላውቅም፣ ብቻ አፍሊዎች በመስኮት በኩል፣ ተቀማጮች በመጻሕፍቱ በኩል ተደረደሩ። ቱይያ ከመጻሕፍቱ በኩል ተቀመጠች። ኢልፖ ከኢርመሊ ጎን፣ ከፊት። ራውኖ ጥግ ላይ በርጩማ አግኝቷል፤ ጥፍሩ ሥር ያለው ጥላሸት ከዚህ ይታያል። ኢልፖን ሲያይ አንገቱን ነቀነቀ። በሁለት ሳምንት የመጀመሪያቸው ነው።

አንደኛው ዘፈን አለፈ። ሁለተኛው አለፈ። ኢልፖ ቴርሞሱን በጉልበቶቹ መሐል ይዞ እንደ ሕፃን ያቅፈዋል። ሦስተኛው ጀመረ፣ ድቡ አጉረመረመ፣ ጊታሩ ተተረተረ፣ ከዚያ ጸጥ አለ።

ዱም።

የአፍሊዎቹ ዓይን ሁሉ ማጅራቱ ላይ አረፈ። ኢልፖ አልተንቀሳቀሰም።

«ክዳኑን» አለች ኢርመሊ በሹክሹክታ።

ኢልፖ ቴርሞሱን ይበልጥ አጥብቆ ያዘ።

«ኢልፖ፣ ተኝተሃል? ደርሷል።»

ኢርመሊ አለቃው እንደ ከዳት ገባትና የራሷን ክዳን ከፈተች፤ ክዳኑ ጭርር አለ። ከኋላ ሌላ ክዳን፣ ከዚያ ሌላ። ሰዎች ወንበር እየገፉ ብድግ አሉ። የቡና ሽታ በመደርደሪያዎቹ መሐል ሄደ። የሚንቆረቆረው ቡና ዱሙን ዋጠው። ኢልፖ ራውኖን አየ። የሚያፍር ወይም የሚናደድ ፊት ጠብቆ ነበር። ራውኖ ግን ፈገግ ብሎ ኢልፖን እያየ ነው፣ እንደሚያመሰግነው ሁሉ። ያ ፈገግታ ከማንኛውም ስድብ ባሰ።

ኢልፖ ተነሣ። ሁሉም አሁን ሊቀዳ ነው አሉ። እሱ ግን ወደ ኢርመሊ ዞሮ፣ «ክዳንዎን ይግጠሙት፤ አይሰማም» አላት።

«ምኑ ነው የማይሰማው? ባዶ ነው ያልከው አንተ አይደለህም?»

«ባዶ ያልኩት ሳልሰማው ነው።»

 አንድ ሰው የያዘውን ስኒ የት እንደሚያስቀምጥ ጠፍቶት መጽሐፍ ላይ አኖረው፤ ሳኔልማ በዓይኗ ስኒውን አስነሣችው። ኢርመሊ ኢልፖን ከእግር እስከ ራሱ አየችው፣ ክዳኗን ገጠመች፣ ተቀመጠች። አፍሊዎቹም አንድ በአንድ ተቀመጡ። ዱም፣ ዱም፣ ዱም፤ መንሸራተት፤ መቆም። ያን ቦታ በቫርካውስ ሁለቱም ወገን አንድ ላይ ሲሰማው የመጀመሪያው ነበር።

ካለቀ በኋላ ሰው እንደ ገና ተጣላ፤ እሱ አልቀረም። ኢርመሊ አሁንም ሒሳብ ነው አለች። የፋርማሲዋ ሠራተኛ ደግማ አለቀሰች።  ሲወጡ ራውኖ ኢልፖን በሩ ላይ ጠበቀው።

«ወገብህ እንዴት ነው?»

«ይሻላል።»

«ነገ ሳውናው ይሞቃል።»

«እመጣለሁ።»

በሳውና ውስጥ ሰው አይዋሽም ይባላል፤ ሙቀቱ ነው፣ ውሸት ለማሰብ ጊዜ አይሰጥም። ሁለቱ ሽማግሌዎች ከላይኛው ርብራብ ላይ ራቁታቸውን ተቀምጠው እንደ ሳውና ልማድ ትከሻቸውን በበርች ዛፍ የቅጠል እስር ይመቱ ነበር። ራውኖ የጋለው ድንጋይ ላይ ውኃ ረጨ። እንፋሎቱ ጆሮ ላይ ሲደርስ ኢልፖ ተናገረ።

«ሰረቅኸኝ።»

«ሰረቅሁህ» አለ ራውኖ። «ምን ይደረግ፣ የቫርካውስ ልጅ ነኝ።»

«ለምን አልጠየቅኸኝም?»

«ብጠይቅህ እምቢ ትላለህ።»

ኢልፖ አሰበበት። «እምቢ እል ነበር።»

«እሱ ነዋ። ልጠይቅህ ሳይሆን ላሰማህ ነው የጠራሁህ፤ እዚያ ቦታ ሲደርስ ፊትህን ልየው ብዬ። አንተ ደግሞ ቡና ላፍላ ብለህ ተነሣህ።» ራውኖ ቅጠሉን ውኃ ውስጥ ነከረ። «ገባኝ። እንባህ መጥቶ ነው አልኩ። አባቴም እንዲያ ነበር፣ ሲነካው እንጨት ልፍለጥ ብሎ ይወጣል። ስለዚህ አልተከተልኩህም። ኋላ የቡናውን ቀልድ ስሰማ ደግሞ፣ አቤት ይሄ ሰው አልኩ፤ ሰው የራሱን እንዲያ ያንቋሽሻል? ለባንዱ ልጆች ሁሉ ነገርኳቸው። ትሕትና ማለት ይሄ ነው አልኳቸው። ትናንትም ቴርሞሶቹን ሳይ እየሳቅሁ ነበር።»

ኢልፖ ላቡን ከዓይኑ ጠረገ። እንዲሁ ዝም ቢል ትሑት ሆኖ ይኖራል። በከተማው ትሑት መባል ትልቅ ነገር ነው፤ ከ«አይከፋም» ቀጥሎ የሚመጣ ነው።

«ትሕትና አይደለም» አለ። «የእኔ መሆኑን አላወቅሁም። ቀንቼ ነው የተነሣሁት።»

ራውኖ እጁ ላይ ያለው ቅጠል ቆመ። «በማን?»

«መጀመሪያ ባንተ። ኋላ በልጁ፣ በሚጫወተው። ኋላ በማን እንደሆነ እኔም አላወቅሁም።»

ራውኖ ቅጠሉን አስቀመጠ። ድንጋዩ ሁለቴ ተንጣጣ። ኢልፖ እንግዲህ ወዳጅነታችን እዚህ ጋ አለቀ ብሎ ልብሱ የት እንዳለ ማሰብ ጀመረ።

«እኔም ቀንቻለሁ» አለ ራውኖ።

«በማን?»

«ባንተ ነዋ። ያን አልበም ስንት ዓመት ጻፍኩት። አሁን ሰው የሚጣላው በምን ላይ ነው? በመሻገሪያው። የወደደውም እሱን ነው፣ የጠላውም እሱን ነው። ስለ ቀሪው አንድ ሰው፣ አንድ ሰው እንኳ አልተጣላም።» ውኃ ረጨ፣ ከሚገባው በላይ። «እኔ ጊታሬን ስቃኝ አንተ ጊዜ ስትገድል ያወጣኸው ነገር። ታውቃለህ ስንት ሌሊት እንቅልፍ አጣሁ?»

ኢልፖ መሳቅ ፈለገ፤ ሙቀቱ አላስቻለውም። ለራውኖ ያቺን ቃል ሊሰጠው አሰበ። አፉን ከፈተ። አልወጣችም። ሰው እኮ በአንድ ቀን አይነጻም።

«ሁለተኛው ዘፈን» አለ በመጨረሻ፣ «ይሰማል።»

ራውኖ ራሱን ነቀነቀ። ከ«አይከፋም» አንድ እርከን ዝቅ ያለ ነው፤ ግን ከኢልፖ አፍ መሆኑን ያውቃል። ከዚያ በሩን ከፍተው እንፋሎት እየለቀቁ በሐይቁ የእንጨት መረማመጃ ላይ ሮጡ፣ በረዶው ወደ ሸሸበት ጥቁር ውኃ ውስጥም ገቡ፤ ሲወጡ ቋሊማው ሞቆ ነበር።

ኢልፖ ጉንጩ ቀልቶ ቤት ገባ። ቱይያ ምድጃው አጠገብ የትናንቱን የአሣ ሾርባ ታሞቃለች። ሁለቱንም ጫማ አወለቀ፣ ተጠጋት።

«ቱይያ፣ ያን ቀን አይከፋም ስትዪ…»

«የቱን ቀን?»

«ማዳመጫውን አድርገሽ፣ ጭልፋ ይዘሽ። መሻገሪያው ላይ ነበር። የእኔ መሆኑን ያን ጊዜም ታውቂ ነበር አይደል?»

ቱይያ አሰበች። ግንባሯን ቋጠረች፣ ለማስታወስ ከልቧ ስትሞክር እንደምታደርገው።

«ያን ቀን? የሳልመን አሣ ሾርባ ነበር የሠራሁት» አለች። «እንስላሉን አብዝቼ ጨምሬበት ነበርና ፈርቼ ቀመስኩት።»

ጭልፋውን አንሥታ የአሁኑን ቀመሰች። ኢልፖ አፏን አፏን እያየ ቆመ። ምንም ሳትል ጨው ጨመረችበት።